ለአዳዲስ አብራሪዎች፦ ጥፋት ፈልጋችሁ ዙሩ

ልጆቼ፣ የበረራ ትምህርት ስትጀምሩ ሁላችሁም የምትጓጉት ለሰማዩ ነው። እኔ በአስተማሪነት ዘመኔ ሠልጣኝን የምመዝነው ግን መሬት ላይ፣ አውሮፕላኑን ዞሮ ሲፈትሽ አይቼ ነበር። አንዳንዱ ክንፉን መታ መታ አድርጎ ለወጉ ያህል ያልፋል። ሌላው ዛሬ እንዳይበር የሚያደርገውን ምክንያት አጥብቆ ይፈልጋል። እንደ ሁለተኛው ሁኑ።

ከነዳጁ ጀምሩ። በተለይ በክረምት፣ ታንኩ ጎድሎ ካደረ ውሃ ያገኘዋል፤ ውሃ ደግሞ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል። ስለዚህ ከታንኩ ሥር በብርጭቆ ቀድታችሁ ወደ ብርሃን ታነሳላችሁ። ጥቂት ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ክፉው ብርጭቆው በሙሉ ውሃ የሆነ ጊዜ ነው፤ የሚለይ መስመር ስለሌለው ንጹሕ መስሎ ያታልላል። ለአነስተኛ አውሮፕላኖች በብዛት የሚቀዳው 100LL የሚባለው ባለ 100 ኦክቴን ቤንዚን ሰማያዊ ነው። ሰማያዊውን ካላያችሁ አሽትቱት፣ ደግማችሁም ቅዱ።

«ልምድ አለኝ» የሚል አብራሪ ያስፈራኛል። እ.ኤ.አ. በ1935 ኦሃዮ ውስጥ የቦይንግ አዲስ ቦምብ ጣይ፣ ሞዴል 299፣ እንደተነሳ ወደቀ። ያበሩት የነበሩት የተመሰከረላቸው ሰዎች ናቸው። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ነፋስ መሪዎቹን እንዳያንገላታ የሚይዘው መቆለፊያ ሳይፈታ ተነስተው ነበር። የጽሑፍ መፈተሻ ዝርዝር መያዝ በአብራሪዎች ዘንድ የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ2014 በማሳቹሴትስ ቤድፎርድ፣ አንድ የግል ጄት መቆለፊያው ሳይፈታ ለመነሳት አኮብኩቦ 7 ሰዎች አለቁ። መርማሪዎች የቀደሙትን 175 መነሳቶች ሲያዩ፣ በ98 በመቶዎቹ አብራሪዎቹ መሪዎቹን እስከ ጫፍ አንቀሳቅሰው አልሞከሩም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሳይፈትሹ ተነስተው በሰላም አርፈዋል፤ ያዘናጋቸውም ይኸው ሰላም ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ከፍታው ሌላ ዕዳ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በሞቃት ከሰዓት አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም፣ ውልብልቢቱም፣ ክንፉም አብረው ይደክማሉ። በማለዳው ብርድ በቀላሉ የተነሳ አውሮፕላን ከሰዓት በኋላ ያንኑ ጭነት ይዞ ከማኮብኮቢያው ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ ላያልፍ ይችላል። ለመነሳት የሚያስፈልጋችሁን ርቀት እርሳስ ይዛችሁ አስሉ። መመሪያ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር በአዲስ አውሮፕላን፣ በተካነ ሞካሪ የተገኘ መሆኑንም አትርሱና ትርፍ ርቀት ያዙ። ጭነቱንም በሚዛን መዝኑ፤ ከገጠር የሚመለስ ተሳፋሪ ማርና ቅቤውን ሁልጊዜ «ትንሽ ነገር» እያለ ነው የሚያመጣው።

ፍተሻው መሃል ላይ ስልክ ቢጠራ ወይም ሰው ቢያናግራችሁ፣ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ፤ ከመጀመሪያው ዙሩ። ተሳፋሪው ባለሥልጣን ሆኖ ቢቆጣም ይቆጣ። ጥላ ሥር አስቀምጡትና ሻይ እንዲያመጡለት ንገሩ።