በሽተኛው ይጨርስ፦ ለጀማሪ ሐኪሞች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ኢንተርንሺፕ ለጀመራችሁና ሬዚደንሲ ለገባችሁ ነው። የመድኃኒት መጠን እኔ አልነግራችሁም፤ ስልካችሁ ላይ አለ። የምነግራችሁ ስለ ድካማችሁና በሽተኛን ስለ መስማት ነው።

ድካሙ እውነት ነው። ሌሊቱን ዲዩቲ (ተረኛ) አድራችሁ ጠዋት ራውንድ፣ አልጋ ለአልጋ በሽተኛ እያያችሁ፣ ትቆማላችሁ። ከዚያ ደግሞ የተመላላሽ ክፍሉ በር ላይ ሰው ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ያነሱት የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ለሐኪም አይነገርም። ስለዚህ "በረጅሙ ተንፍሱ" ብዬ አልሸነግላችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በ2019 እ.ኤ.አ. በርንአውትን፣ በሥራ ጫና መዛልን፣ የገለጸው እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር እንደተያያዘ ችግር ነው። ጉልበት ያልቃል፤ ሰው ከሥራው ይርቃል፤ የሠራው ሁሉ ዋጋ ያጣበታል።

ከሦስቱ እኔን በጣም የሚያስፈራኝ መሐል ያለው ነው፤ መራቁ። በሽተኛው "አልጋ 12" ይሆናል። ጥያቄ ያለው አስታማሚ ጠብ ያለሽ በዳቦ ብሎ የመጣ ይመስላችኋል።

ብዙ ሰው ይህ የድካም ውጤት ነው ይላል። ልክ ነው፤ ግን ተገላቢጦሹም አለ። ሰውን ሳይሰሙ መዋል ራሱ ያደክማል። ያልተሰማ በሽተኛ መድኃኒቱን ያቋርጣል፣ ብሶበት ይመለሳል። ቤተሰቡ ኮሪደር ላይ ይጮኻል። ያን ሁሉ የምትሸከሙት እናንተው ናችሁ።

በ1984 እ.ኤ.አ. ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሐኪምና በሽተኛ ሲነጋገሩ የተቀዳ ድምፅ አዳመጡ። በሽተኛው ገና የመጣበትን ማስረዳት እንደጀመረ ሐኪሙ በአማካይ በ18 ሰከንድ ያቋርጠው ነበር። የእኛን ሰው አስቡት። በ18 ሰከንድ ሰላምታውም አያልቅ። ዋናውንም ነገር መጀመሪያ አይናገርም። "ጨጓራዬን ያቃጥለኛል" ብሎ ይጀምራል፤ ስለ ልጁ ያወራል፤ ጠበል ገብቶ እንደነበር ያነሳል። ሊወጣ የበሩን እጀታ ይዞ ነው "ዶክተርዬ፣ ሰገራዬ ላይ ደም አያለሁ" የሚላችሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ዝም በሉ። እስክሪብቶውን አስቀምጡና ካርዱን ሳይሆን ፊቱን እዩ። ሲያበቃ "ሌላስ?" በሉት። ሰልፉ ረጅም ነው ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ግን በሩ ላይ የሚነገረው ነገር ምርመራውን እንደገና ያስጀምራችኋል።

ሌላው፣ "ገባዎት?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁሌም "እሺ" ነው። ሐኪም ፊት አልገባኝም ማለት ነውር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ "ቤት ሲደርሱ ለቤተሰብዎ መድኃኒቱን እንዴት ነው የምወስደው ብለው ይነግሯቸዋል?" እላለሁ። ለአንዲት የስኳር ታካሚ እናት "ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ" ተብሎ ክኒን ታዝዞላቸው ነበር። ወሩ ዐቢይ ጾም ነው። ስጠይቃቸው "ልጄ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ የጠዋቱንማ ተውኩት" አሉኝ። ትእዛዙ ስሕተት የለበትም፤ የእሳቸውን ውሎ ግን አያውቅም። ቁጭ ብለን ከሚበሉበት ሰዓት ጋር አስማማነው። ባይነግሩኝ ኖሮ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሳየው መጠኑን መጨመሬ አይቀርም ነበር። የሚጾም ታካሚ ካላችሁ፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ፣ ጾሙም ረመዳኑም ሳይገባ ቀድማችሁ አነጋግሩት። ጾሞ ስኳሩ ሲወርድበት ከማየት ይሻላል።

ክፉ ዜና መናገር ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። አገራችን መርዶን በወጉ ነው የሚናገረው፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ሰዓት ይመረጣል። ሆስፒታል ውስጥ ግን ኮሪደር ላይ ቆመን እንናገራለን። እንደምንም ወንበር ያለበት ክፍል ፈልጉ። ቤተሰብ "ለእሱ እንዳትነግሩት" ሲላችሁ አትጣሉ፤ የሚፈሩት ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። በሽተኛውን ለብቻው "ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለማንስ ልንገር?" ብላችሁ ጠይቁት። ስንቱ ቀድሞ ጠርጥሮ ለቤተሰቡ ሲል ዝም ብሏል! ካንሰር ከሆነ ካንሰር በሉት። "እጢ ቢጤ" እያላችሁ አታድበስብሱ። ከዚያ ያልቅስ፤ ዝምታውን በሌላ ወሬ አትሙሉት።

እናንተስ? ለሞተ ሰው ድንኳን የሚጣልበት አገር ነው፤ ሐኪም ግን የሟቹን ዓይን ከድኖ ወደሚቀጥለው አልጋ ይሄዳል። ይህ ነገር ይጠራቀማል። ማይክል ባሊንት የሚባል የሃንጋሪ ተወላጅ ሐኪም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ጠቅላላ ሐኪሞችን እየሰበሰበ ስላስቸገሯቸው በሽተኞች እንዲያወሩ ያደርግ ነበር። የሚያወሩት ስለ መድኃኒት ሳይሆን በሐኪሙና በበሽተኛው መካከል ስላለው ነገር ነው። ይህ በጀት አይጠይቅም። ከምታምኗቸው ጓደኞቻችሁ ጋር ቡና ይዛችሁ "ያ ሰውዬ ለምን እንዲያ አናደደኝ?" ተባባሉ። የበሽተኛውን ስም ግን አታንሱ፤ ካፌ ውስጥም አይሁን።

እንቅልፍ ለሳምንታት እምቢ ካላችሁ፣ መጠጥ ካበዛችሁ ወይም መኖር ካስጠላችሁ ግን የቡና ወሬ አይበቃም፤ በአስቸኳይ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። ባልደረቦቼ ያውቁብኛል ብላችሁ ከፈራችሁ ከምትሠሩበት ሆስፒታል ውጭ ታከሙ። ለራሳችሁ መድኃኒት አትጻፉ።