ነጻ ሶፍትዌር ትልልቆቹን ኩባንያዎች ከገበያ ያስወጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን ወንድሜ። ደሴ ላይ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ሊከፍቱ መሆኑን ገልጸው፣ ነጻ ሶፍትዌር እንደ ማይክሮሶፍት ያሉትን ኩባንያዎች ወደፊት ከገበያ የሚያስወጣ ከሆነ ተማሪዎችዎን ከወዲሁ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ ነጻ ሥርዓት) እና ሊብረኦፊስ (በማይክሮሶፍት ኦፊስ ፋንታ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም) ማስተማር ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። በደሴና በኮምቦልቻ የቢሮ ኮምፒውተሮችን በመጠገን ሥራ ላይ የቆየሁ በመሆኑ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከገበያ ማስወጣቱ በከፊል ተፈጽሟል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ውስጡን ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል፣ ማለትም ነጻ የሆነ፣ የኮምፒውተር ሥርዓት ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ ደግሞ በ1991 የሊኑክስን ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱን እምብርት፣ ለቀቀ። በዚያ ዘመን ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ከውድ ማሽን ጋር ይሸጡ ከነበሩት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ሰን ማይክሮሲስተምስ፣ ሊኑክስ ያንኑ ሥራ በርካሽ የኢንቴል ማሽን ላይ መሥራት ከቻለ በኋላ ደንበኞቹ እየሸሹት ሄደው በ2010 በኦራክል ተጠቀለለ። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። በአገራችንም ጤና ጣቢያዎች ሪፖርታቸውን የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ነጻ ሶፍትዌር ነው።

ማይክሮሶፍት ግን እንደ ሰን አልሆነም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከአሥር ተጠቃሚዎች ከዘጠኙ በላይ ይዞ ነበር። ተወዳዳሪው ኔትስኬፕ በ1998 ለሕዝብ ከለቀቀው ኮድ የተገኘው ፋየርፎክስ በ2004 ወጥቶ ይህን የበላይነት መሸርሸር ጀመረ፤ ክሮምም ተከተለ፤ በመጨረሻም ማይክሮሶፍት ራሱ ገጽ የሚያሳይበትን የገዛ ሞተሩን ትቶ በ2020 አዲሱን መክፈቻ ኤጅን የክሮም መሠረት በሆነው ክሮሚየም በተባለው ክፍት ኮድ ላይ ሠርቶ አወጣ። ፕሮግራሙ ተሸነፈ፤ ኩባንያው ግን ሌላ የሚሸጠው ነገር ስለነበረው ቀጠለ፤ ዛሬ በኢንተርኔት በሚያከራየው የኮምፒውተር አገልግሎት (ክላውድ) ላይ ሊኑክስን ያስኬዳል። ስለዚህ ነጻ ሶፍትዌር ከገበያ የሚያስወጣው በአንድ ዓይነት ፕሮግራም ላይ ብቻ የተንጠለጠለውን ኩባንያ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኛ ዘንድ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር አለመነካቱ ግን ሌላ ምክንያት አለው። ብዙ አገር ሰው ነጻ ሶፍትዌርን እንዲያስብ የሚገፋፋው የፈቃድ ክፍያ ሲሆን፣ ደሴ ላይ ዊንዶውስም፣ ኦፊስም፣ ፎቶሾፕም ክራክ ተደርገው፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ቁልፋቸው ተሰብሮ፣ በፍላሽ ስለሚዞሩ ተጠቃሚው የዋጋ ልዩነት አይታየውም። ቢል ጌትስ በ1998 ስለ ቻይና ሲናገር፣ ሰዎቹ መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ቢሰርቁ ይሻላል፣ ይለምዱታል፣ ማስከፈያውን መንገድ በኋላ እናገኛለን የሚል ሐሳብ ሰንዝሮ ነበር። ብዙ ሰው ክራክ የሚጎዳው ኩባንያውን ብቻ ይመስለዋል፤ እኔ እስካየሁት ድረስ ግን ይበልጥ የሚጎዳው ነጻውን ሶፍትዌር ነው፤ ተማሪው ሁሉ አንዱን ብቻ ለምዶ ይወጣልና።

ሁለተኛው እንቅፋት ፋይሉ ነው፤ እኔ ዋናው የምለውም ይህንን ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ አንድ የግል ድርጅት ከክራክ ጋር በሚገባ ቫይረስ ተማርሮ ወደ ሊብረኦፊስ እንዳዛውረው ጠየቀኝ። ጸሐፊዋ ፕሮግራሙን ለመልመድ አልተቸገረችም፤ ሜኑዎቹ ከምታውቃቸው ብዙም አይርቁም። ያስቸገረን የቆዩት ደብዳቤዎች ናቸው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ ቢገባም፣ የድርጅቱ የውል ቅጾችና ደብዳቤዎች የተጻፉት ከዚያ በፊት በተለመዱት የግዕዝ ፎንቶች ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ «ለክቡር» የሚለው መነሻ እንኳ የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ድርድር ይሆናል። በየጊዜው የሚያስፈልጉትን ቅጾች አንድ በአንድ በዩኒኮድ እንደገና ጻፍናቸው። የደመወዝ መክፈያው የኤክሴል ፋይል ደግሞ ድርጅቱን ለቆ የሄደ ባለሙያ የሠራው ማክሮ (ስሌቱን በራሱ የሚያስኬድ ትንሽ ፕሮግራም) ስላለበት በሊብረኦፊስ በትክክል አልሰላ አለ። የሒሳብ መሥሪያ ፕሮግራሙን ፒችትሪንም አልነካነውም፤ ሒሳብ ሠራተኛውም ኦዲተሩም የሚያውቁት እርሱን ነው፤ የሥራ ማስታወቂያዎችም ብዙ ጊዜ በስሙ ጠርተው ይጠይቁታል። እናም የሒሳብ ክፍሉ ዊንዶውስ ላይ ቀረ፤ የጸሐፊዋና የመጋዘኑ ኮምፒውተሮች ግን ፋይሎቻቸው ከተስተካከሉ በኋላ ያለ ችግር ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ወደሆነው ኡቡንቱ ተዛወሩ።

ይህ ቅደም ተከተል፣ ማለትም መጀመሪያ ፕሮግራሙንና ፋይሉን፣ ከዚያ ሥርዓቱን መለወጥ፣ በትልልቅ ተቋማትም የታየ ነው። የፈረንሳይ ዣንዳርምሪ (ወታደራዊ ፖሊስ) በ2005 የሊብረኦፊስ ቀዳሚ በሆነው በኦፕንኦፊስ ጀመረ፤ ቀጥሎ ፋየርፎክስንና የኢሜይል ፕሮግራሙን ተንደርበርድን አስገባ፤ ሠራተኛው እነዚህን ከለመደ በኋላ ነው በ2008 ወደ ኡቡንቱ መዛወር የጀመረው፤ እስካሁንም ይሠራበታል። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ደግሞ በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመሄድ ወስኖ ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ካዛወረ በኋላ፣ ምክር ቤቱ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ፖለቲካውም ድርሻ ነበረው፤ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ሰነድ ለመለዋወጥ መቸገርም ሲነሣ የቆየ ቅሬታ ነበር።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ተማሪዎችዎ ነገ የሚቀጠሩት ዊንዶውስ ባለበት ቢሮ በመሆኑ እርሱን አይተዉባቸው፤ ነገር ግን ጽሑፍና ሠንጠረዥ ማዘጋጀትን በሊብረኦፊስ ጀምረው ያስተምሩ፤ አማርኛን ከመጀመሪያው ቀን በዩኒኮድ ኪቦርድ ያስጽፉ፤ ፋይልን የሊብረኦፊስ መደበኛ ፎርማት በሆነው በኦዲኤፍ ማስቀመጥና ለሌላ ቢሮ ሲልኩ መለወጥን ያሳዩ። ኦዲኤፍ ከ2006 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነ ፎርማት ነው። ሊኑክስን ደግሞ አሁን ማስተማር የሚያዋጣበት የተለየ ምክንያት አለ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በየቢሮው ያሉትን ብዙዎቹን አሮጌ ኮምፒውተሮች በይፋ አይቀበልም። እነዚያ ማሽኖች ራማቸው በቂ ከሆነ በቀላል የሊኑክስ ዓይነት ገና ብዙ ይሠራሉ፤ ይህን መትከል የሚችል ተማሪ ሥራ አያጣም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥልጠናው እንዳይቆም የኡቡንቱንና የሊብረኦፊስን መጫኛ፣ ከሚያስፈልጉ ተጨማሪ ጥቅሎች ጋር፣ በሃርድ ዲስክ ላይ ይያዙ። እኔ ዘንድ አሉ፤ ባዶ ዲስክ ይዘው ፒያሳ ብቅ ካሉ እገለብጥልዎታለሁ፤ ፈቃዱ ለተማሪዎችዎ ሁሉ እንዲያባዙት ይፈቅዳል።