ትርፍ መልስ ይዤ ቤት ገባሁ

ጥያቄ፦ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በታክሲ ስሄድ ለረዳቱ 50 ብር ሰጥቼው የ200 መልስ መለሰልኝ፣ ቤት ገብቼ ነው ያየሁት። ጓደኛዬ "እነሱስ ስንቴ መልስ አስቀርተውብሻል፣ ተይው" አለችኝ፣ እኔን ግን ከበደኝ። ፍልስፍና ምን ይላል?

መልስ፦ እህቴ፣ መክበዱ ራሱ ደስ ይላል። የእንግሊዝ ፈላስፎቹ እነ ቤንታምና ሚል ድርጊትን የሚመዝኑት በሚያመጣው ደስታና ጉዳት ነው፣ ያውም ሁሉንም ሰው እኩል ቆጥረው፣ ስለዚህ 150 ብሩ ላንቺ ምን ይጠቅማል ለሱስ ምን ያጎድልበታል ይሉሻል፣ ማታ ሂሳብ ሲያስረክብ የጎደለውን ከኪሱ የሚሞላ ልጅ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው። እኔን በጣም የሚይዘኝ ግን ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ ባለሱቅ ምሳሌ አለው፣ ሰውየው ህጻን ልጅ እንኳ ሊገዛ ቢመጣ ዋጋ አይጨምርም፣ ግን ይህን የሚያደርገው ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ ከሆነ ካንት የሞራል ዋጋ አይሰጠውም፣ ትክክል ስለሆነ ብቻ ሲያደርገው ነው እንጂ። የጓደኛሽንም ሀሳብ በሱ መንገድ ፈትኚው፣ ሁሉም ሰው "እኔም ተበልቻለሁ" እያለ ቢያስቀር እኮ ታክሲ ውስጥ ማንም ማንንም አምኖ ብር አይሰጥም። ደሞ የበላሽ ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ! አርስቶትል ደግሞ ከአንዷ ቀን ይልቅ በልምድ ምን አይነት ሰው እየሆንሽ ነው ብሎ ይጠይቃል።

ጠዋት ሰልፉ ጋ ካገኘሽው ስጪው፣ ካጣሽው ተራ አስከባሪዎቹን ጠይቂ፣ መኪናውን ይለዩታል።