በሞት የሚያስቀጣ መዝገብ ተመደበልኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደ ድሬ ልጅ «አንቺ» እያልኩ ልጻፍልሽ። ተከላካይ ጠበቃ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ባለፈው ሳምንት ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው አንድ ወጣት እንድቆምለት መደበኝ። ክሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539፣ ከባድ የግፍ አገዳደል ነው። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች የሚሰሙት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከ ዛሬ የያዝኩት ስርቆትና ድብደባ ብቻ ነው። አንጋፎቹን ስጠይቅ «ቢፈረድም አይፈጸምም፣ ምን አስጨነቀህ?» ይሉኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ ምን ማወቅ አለብኝ? ባለሙያስ ከየት አመጣለሁ?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ አንቺ በለኝ፤ የድሬ ወግ ነው። «አይፈጸምም» የሚሉህን ግን አትስማቸው። የሞት ቅጣት በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጸመው በ1999 ዓ.ም. መሆኑ እውነት ነው። ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው እንደማይፈጸምም ሕጉ ደንግጓል። ፍርዱ ግን ዛሬም ይሰጣል። የተፈረደበት ሰው ደግሞ ዓመት አይቆጥርም፤ ሌሊት የብረት በር በተንኳኳ ቁጥር «የኔ ቀን ይሆን?» ነው የሚለው። ይህን የነገረኝ የራሴ ደንበኛ ነው። እዚያ እንዲደርስ ካደረጉት ምክንያቶች አንዷ እኔ ነኝ።

ዓመታት አልፈዋል። ልጁ 19 ዓመቱ ነበር። ሱቅ ሊዘርፍ ገብቶ ዘበኛ ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ኃይሌን ሁሉ «ገዳዩ እሱ አይደለም» በሚለው ላይ አዋልኩት። ምስክሮቹን በመስቀለኛ ጥያቄ አፋጠጥኩ፣ መከላከያ አሰማሁ፤ ጥፋተኛ ተባለ። ዳኛው የቅጣት አስተያየት ሲጠይቁኝ እዚያው ቆሜ «የቀድሞ ሪከርድ የለበትም፣ ወጣት ነው፣ በችግር ነው ያደገው» አልኩና ተቀመጥኩ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በቀጣዩ ቀጠሮ ሞት ተፈረደበት።

በሳምንቱ አክስቱ ቢሮዬ መጣች። በጥቁር ፌስታል የጠቀለለችውን የሐኪም ቤት ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፤ ከመታጠፉ ብዛት መሀል ለመሀል ተቀዷል። «ፌኖባርቢታል» የሚለው ጽሑፍ ይነበባል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። በ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። ውኃው ሌሊት ቤታቸውን ሲወስድ እናቱና ታናሽ እህቱ አብረው ሄዱ። እሱን ጎረቤት ከቆርቆሮ ጣራ ላይ አወረደው፤ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይወድቅ ጀመር። ክፍል ውስጥ ሲወድቅ ልጆቹ ስለሚሸሹት ሦስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወ። አንድ ቀን ምድጃ ላይ ወድቆ የግራ መዳፉ ተቃጠለ።

ያንን መዳፍ አውቀዋለሁ። ማረሚያ ቤት ሄጄ ቃሉን በጻፍኩ ቁጥር ከፊቴ ነበር፤ ቆዳው ተሸብሽቧል፣ ሁለት ጣቶቹ አይዘረጉም። አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆነህ ነው?» አላልኩትም። የምጠይቀው ስለ ቢላዋው ነበር። በይግባኝ ካርዱን አቀረብን፣ ምርመራ ታዘዘ፣ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። እስከዚያ ግን ሁለት ዓመት ያንን በር ሲያዳምጥ ኖሯል።

አሁን የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 117 አውጣና አንብበው። ሞት የሚፈረደው ወንጀሉ ከባድና ፍጻሜ ያገኘ፣ ወንጀለኛው በተለይ አደገኛ፣ ድርጊቱን ሲፈጽምም 18 ዓመት የሞላው ሲሆን፣ እንዲሁም የቅጣት ማቅለያ ምክንያት በሌለበት ነው። የመጨረሻዋን አስምርባት። አንድ ማቅለያ በማስረጃ ካስረዳህ የሞት በር ይዘጋል ማለት ነው። እኛ ግን ማቅለያን ከጥፋተኝነት ፍርድ በኋላ የሚነገር ልመና አደረግነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰው በሰው፣ ወረቀት በወረቀት የሚሰበሰብ ማስረጃ ነው።

ባለሙያ ከየት አመጣለሁ ላልከው፣ ገንዘብ የሌለው ደንበኛ ትልቁ መሣሪያ አንቀጽ 51 ነው። የተከሳሹ የአእምሮ ሁኔታ ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ማስረጃ ያስቀርባል፤ አንቀጹ የሚጥል በሽታንና በአልኮል ወይም በዕፅ ሥር የሰደደ መመረዝን በስም ይጠራል። ይህን ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ ያ መዳፍ ከፊቴ ሲቀመጥ ግን ትዝ አላለኝም። ማመልከቻህ «ደንበኛዬ ጤነኛ አይመስለኝም» ብቻ ካለ ውድቅ ይሆናል። የሐኪም ቤት ካርዱን፣ የአስተማሪውን ቃል፣ አብሮት የሚያድረውን ሰው ቃል አያይዝበት። ለሐኪሙ የሚቀርበውም ጥያቄ «እብድ ነው ወይ?» አይሁን። አሁን ያለበት ሁኔታ ምንድን ነው፣ ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰዓት የማመዛዘንና ራሱን የመግዛት ችሎታውስ ምን ያህል ነበር ብለህ ጠይቅ። ሐኪሙ ከፖሊስ መዝገብ በቀር የሚያነበው ካላገኘ የሚጽፈው የፖሊስን ታሪክ ነው። ውጤቱ «ኃላፊነት አለበት» በሚል አንድ መስመር ቢመጣም እጅህን አትስጥ። ፍርድ ቤቱ የሚገደደው በተረጋገጠው የሳይንስ ግኝት ነው፤ ከዚያ በሚወጣው የሕግ መደምደሚያ ላይ የባለሙያው አስተያየት አያስረውም። ስለዚህ ሐኪሙ ቀርቦ እንዲያስረዳ አመልክት።

ባለሙያ መገኘቱ ብቻም አይበቃም። በአሜሪካ፣ አላባማ፣ አንቶኒ ሬይ ሂንተን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 ተይዞ በሁለት ግድያዎች ሞት ተፈረደበት። ክሱ የቆመው ጥይቶቹ ከእናቱ ሽጉጥ ወጥተዋል በሚለው ላይ ነበር። ጠበቃው ለባለሙያ የሚፈቀደው ገንዘብ ከ1,000 ዶላር አያልፍም ብሎ አመነ። ገደቡ ቀደም ብሎ በሕግ ተነሥቶ ነበር፤ ጠበቃው ግን ሕጉን አላነበበም። በዚያ ገንዘብ ያገኘው አንድ ዓይን ብቻ ያለው መሐንዲስ ነበር፤ ማይክሮስኮፑን ለመጠቀም መቸገሩን ዐቃቤ ሕግ ችሎት ላይ መሳለቂያ አደረገው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጠበቃውን ጉድለት የተቀበለው በ2014 ነው፤ ሂንተን በ2015 ሲፈታ ከታሰረ 30 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። ለዚህ ሁሉ መነሻው አንድ ያልተነበበ አንቀጽ ነው።

ተስፋ የሚሰጠኝ የማላዊ ነው፤ እንደኛ ድሃ አገር ናት። ለግድያ ሞትን አስገዳጅ ያደርግ የነበረው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2007 በፍርድ ቤት ተሻረ፤ የተፈረደባቸውም ሰዎች ቅጣት እንደገና እንዲታይ ሆነ። ጠበቆችና የሕግ ረዳቶች በየመንደሩ እየዞሩ ወላጅ፣ ጎረቤት፣ የመንደር ሹም አነጋገሩ። ከመቶ በላይ ሰዎች ተፈቱ፤ እንደገና ሞት የተፈረደበት አንድም ሰው የለም። ያንን ያደረገው እግርና ጆሮ ነው። በዚህ ዘዴ የአፍሪካ ጠበቆችን የሚያሠለጥን ማክዋንያኔ የተባለ ተቋም ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2017 አቋቁሟል፤ ስሙን የወሰደው በ1995 ደቡብ አፍሪካ የሞት ቅጣትን ከሻረችበት መዝገብ ነው። ዕድሉን ካገኘህ አመልክት። እስከዚያ ግን ስድስት ሳምንት አለህ።

የደንበኛህ ቤተሰብ የሚኖረው ገጠር፣ ቢዮ አዋሌም ሆነ ዋሂል ቢሆን፣ ቢሮህ አትጥራቸው፤ አንተ ሂድ። የሚናገሩት ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ከሆነ ዘመድ ያልሆነ አስተርጓሚ ይዘህ ሂድ፤ ዘመድ የሚያሳፍረውን ነገር ዘሎት ያልፋል። ወንዶቹን ከሰዓት በኋላ ጫት ሲቅሙ በርጫ ላይ አግኛቸው፣ ወረቀትህን ግን ወዲያው አታውጣ። ሴቶቹን ለብቻ አነጋግር። ምጡ እንዴት ነበር፣ ወድቆ ያውቃል ወይ፣ ማን ይደበድበው ነበር፣ ጫቱን በስንት ዓመቱ ጀመረ፣ ቅሞ ሳይተኛ ስንት ሌሊት ያድር ነበር? እነዚህን ሁሉ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ዕድሜውን ከፖሊስ ቅጽ ላይ አትቀበል። ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ የደንበኛህ ዓይነት ልጆች አብዛኞቹ የልደት ሰርተፊኬት የላቸውም። የአጥንት ራጅ ደግሞ የዓመታት ስሕተት አለው። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የአንደኛ ክፍል ስም ዝርዝር ፈልግ። እናት ቀን ባታውቅ «ጎርፉ ሲመጣ ጡት ይጠባ ነበር ወይስ ይራመድ ነበር?» በላት። የድሬ ሰው ያችን ሌሊት አይስትም።

ሽማግሌዎች ለሟች ቤተሰብ ጉማ፣ ማለትም የደም ካሣ፣ አስከፍለው ከሆነም በጽሑፍ አስፈርማቸው፤ ለጸጸትና ለካሣ ማስረጃ ይሆንሃል። ክፉው ከመጣም የይግባኝ ማስታወቂያ ጊዜው 15 ቀን ብቻ ነው፤ ፍርዱ በተነበበ ዕለት አስገባ።

ሰኞ ማረሚያ ቤት ስትሄድ ክሱን ቢሮ ተወው። ስለ ድርጊቱ አትጠይቀው፤ ከማን ጋር እንዳደገ ይንገርህ፣ አንተም እጁን፣ ግንባሩን፣ አነጋገሩን እይ። የአንቀጽ 51 ማመልከቻህን ስታረቅ አምጣልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።