በውጭ ለምትኖሩ የድሬና የሐረር ልጆች፦ በእርሻ ላይ ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት

በየክረምቱ ከአውሮፓ፣ ከሰሜን አሜሪካና ከዓረብ አገሮች ለዕረፍት የሚመጡ የአገሬ ልጆች ከሰላምታው ቀጥለው የሚያነሡብኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ጋሼ፣ እርሻ ላይ ገንዘብ ላውል አስቤአለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?» ይሉኛል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ችግሩ አብዛኞቹ መልሱንም ይዘው የሚመጡ መሆናቸው ነው። አንዱ የግሪን ሃውስ ፎቶ ከስልኩ አውጥቶ ያሳየኛል፤ ሌላው ትራክተር ተዋውሎ ጨርሶ የሚታረሰውን መሬት ገና ሊፈልግ ነው፤ ሌላዋ ደግሞ ገንዘቡን ለአክስቷ ልጅ ከላከች በኋላ ምክር ትጠይቃለች። እኔም ረጅም ዘመን በጀርመን ኖሬ ድሬዳዋ ከተመለስሁ ወዲህ ይህን ደጋግሜ ስላየሁ፣ የሚቀየመኝ ቢኖርም ነገሩን ሳላለሳልስ ልጽፈው ወስኛለሁ። የምመክረው አዲስ እርሻ እንድትከፍቱ አይደለም። በአትክልትና ፍራፍሬ ላይ የተሠራውን ምርምር ወደ ገበያ ለማውጣት የሚታገሉ ወጣቶች አሉ፤ እነርሱን ጀማሪ ድርጅቶችን እያገዘ በሚያሳድግ የንግድ ማበልጸጊያ ማዕከል (ኢንኩቤተር) በኩል፣ በየደረጃው በሚለቀቅ ገንዘብ ደግፉ ነው የምለው።

1. ወረቀት

የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካላችሁ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 እና በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ትችላላችሁ፤ ውክልናችሁን በኤምባሲ አረጋግጡ፣ ገንዘባችሁን በባንክ ላኩ፤ ስለ ወረቀት ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

2. ምርምሩ ተሠርቶ ተቀምጧል

ከድሬ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረማያ ስትደርሱ የምታገኙት ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ በእርሻ ኮሌጅነት የተቋቋመና በጥር 1950 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የተመረቀ ተቋም ነው። ከዚያ ግቢ የወጡት የድንች ዝርያዎች ብቻ ቢጠሩ አለማያ 624፣ ጭሮ፣ ዘመን፣ በዳሳ፣ ጫላ፣ ጋቢሳና ቡቡ ይገኙባቸዋል። ይሁን እንጂ ከግቢው ብዙ ሳትርቁ ወደ ከርሳ ወይም ወደ ቆምቦልቻ ብትወርዱ፣ ብዙው ገበሬ ለዘር የሚያስቀምጠው ከገበያ የተረፈውን ደቃቅ ድንች እንደ ሆነ ታያላችሁ። ድንች ከራሱ ፍሬ ስለሚተከል ቫይረሱም ተክሉን የሚያደርቀው አጠውልግ የተባለው በሽታም ከዓመት ወደ ዓመት አብሮ ይወርዳል፤ ዝርያው የቱንም ያህል የተመረጠ ቢሆን ዘሩ ይደክማል፤ ገበሬውም ጥፋቱን በዝናቡ ያሳብባል።

ታዲያ ንጹሕ ዘር የማይደርሰው ለምንድን ነው? ለአንድ ሄክታር ወደ 20 ኩንታል የሚጠጋ የዘር ድንች ያስፈልጋል፤ ይህን ከሆለታ አካባቢ ጭኖ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ማምጣት የጭነቱን ሒሳብ ከዘሩ ዋጋ ጋር ያፎካክረዋል። የዘር ድርጅቶች ዋነኛ ትኩረት ስንዴና በቆሎ ነው። ተመራማሪው ደግሞ ዝርያውን አስመዝግቦ ጽሑፉን ካሳተመ ከመሥሪያ ቤቱ የሚጠበቅበትን ፈጽሟል፤ ነጋዴ ሁን ብሎ የሚያስገድደው የለም። ስለዚህ በሐረርጌ ደጋ ላይ፣ ድንችም ቲማቲምም በርበሬም ለጥቂት ዓመታት ባልተተከለበት ንጹሕ መሬት ዘር የሚያባዛ፣ ብርሃን በሚያስገባና ነፋስ በሚያሳልፍ የቆጥ መጋዘን የሚያቆይ፣ በመጨረሻም ለገበሬው በብድር ሳይሆን በእጅ በእጅ የሚሸጥ ትንሽ ድርጅት ቦታው ባዶ ሆኖ እየጠበቀው ነው።

ሁለተኛውን ምሳሌ ለማየት ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ግቡ። ረፋዱ አልፎ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከተደራረቡት የእንጨት ሳጥኖች የታችኞቹ ጭማቂያቸው በስንጥቃቸው ይንጠባጠባል፤ ነጋዴዋ በጉልበቷ ተንበርክካ ደኅናውን ቲማቲም ወደ ሌላ ሳጥን ታዛውራለች፣ የፈነዳውንም ወደ ጎን ትጥላለች፤ ጠዋት የጠራችውን ዋጋ ከቀትር በኋላ ደፍራ አትጠራውም። ሕንዳውያን ተመራማሪዎች ለዚህ ዓይነቱ ችግር በሁለት ረድፍ ጡብ መካከል እርጥብ አሸዋ የተሞላበት፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቆያ ፈለሰፉ፤ ውኃው ሲተን ውስጡን ስለሚያቀዘቅዝ አየሩ በደረቀ ቁጥር ይበልጥ ያገለግላል። ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ላይ ያለችው ደረቋ ድሬዳዋ ለዚህ የተመቸች ናት፤ የሐረማያ ተመራማሪዎችም በትነት ማቀዝቀዝን በፍራፍሬ ላይ ሞክረው ውጤቱን አሳትመዋል። ጽሑፉ አለ፣ ጡቡም አሸዋውም አለ፤ ማቆያውን ሠርቶ ለቀፊራ ነጋዴዎች በሳጥን የሚያከራይ ድርጅት ግን እኔ አላየሁም።

3. የማበልጸጊያ ማዕከል ሥራ

በጥናቱና በቀፊራ መካከል ያለውን ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው የንግድ ማበልጸጊያ ማዕከል የሚቋቋመው። በሕንድ ሃይደራባድ አጠገብ የሚገኘው ኢክሪሳት የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 የግብርና ንግድ ማበልጸጊያ ከፍቶ ዝርያንና ቴክኖሎጂን ወደ ኩባንያ መለወጥ ጀመረ። ከዚያም በአፍሪካ የግብርና ምርምር መድረክ አስተባባሪነትና በዴንማርክ ገንዘብ ዩኒብሬን የተባለው መርሐ ግብር በጋና፣ በማሊ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በዛምቢያ ዩኒቨርሲቲን፣ የምርምር ተቋምንና ነጋዴን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኙ ማዕከላትን አቋቁሟል፤ በኡጋንዳ ቡናና ሙዝ፣ በዛምቢያ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ተሠርቷል። ኢትዮጵያ ከአምስቱ አገሮች አልነበረችም። በአዲስ አበባ የምርት ገበያውን የመሠረቱት ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ብሉሙን የተባለውን የግብርና ንግድ ማበልጸጊያ አቋቁመዋል፤ ወደ ምሥራቁ ስንመጣ ግን ነገሩ ገና እየዳኸ ነው።

ማዕከሉ ምን እንደሚያደርግ ባጭሩ ልናገር። ወጣቱ ሐሳቡን ይዞ ሲመጣ ተመራማሪውን ያገናኘዋል፤ ዝርያውን ወይም መሣሪያውን ለንግድ የመጠቀም መብት ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ እንዲያገኝ ያግዘዋል፤ ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን ማድረቂያ ወይም ማሸጊያ በጋራ ያስጠቅመዋል፤ ሒሳብ መያዝ ያስተምረዋል፤ የምግብ ምርት ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚጠይቀውን አብሮ ያሟላለታል፤ ወደ ጅቡቲ የሚልክ ከሆነም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት እንዲያወጣ ያደርጋል። አበል የሚከፈልበት የሦስት ቀን ሥልጠና ግን፣ በአዳራሹ በር ላይ ምንም ዓይነት ሰንደቅ ቢሰቀል፣ ማበልጸጊያ አይደለም። አንድ ማዕከል ገንዘብ ሲጠይቃችሁ ከእጁ የወጡትን ድርጅቶች ስም ጠይቁና ሄዳችሁ ዕቃቸውን ግዙ፤ የሚሸጡት ዕቃ ከሌላቸው መልሱን አግኝታችኋል።

4. ገንዘባችሁ

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ከውጭ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚገባው ገንዘብ ትንሽ አይደለም፤ በየሰፈሩ ቆሞ የቀረውን፣ ፌሮው ወደ ሰማይ ተቀስሮ ዝገት የሚበላውን ፎቅ መቁጠር ይበቃል። ቤት አትሥሩ አልልም፤ እናት አባትን መጦርም ግዴታ ነው። እኔ የምናገረው «ለሥራ» ተብሎ ስለሚላከው ገንዘብ ነው።

ለሥራ የሚላከው ገንዘብ የሚጠፋው ሌባ ስለበዛ አይደለም፤ ያለ ሒሳብና ያለ ደረጃ በአንድ ጊዜ ለዘመድ ስለሚሰጥ ነው። የአጎታችሁ ልጅ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ታማኝነቱ ግን የአጠውልግን በሽታ ከውኃ ጥም ለይቶ እንዲያውቅ አያደርገውም። ቤተሰቡ ውስጥ ሠርግ ሲመጣ፣ ሰው ሲታመም፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ከእጁ ያለው ገንዘብ የእናንተ ነውና ከዚያ ያወጣል፤ እናንተም በእርሱ ቦታ ብትሆኑ ታወጡ ነበር። ከዚያ መከሩ ሳይመጣ ስልኩ ይዘጋል፣ እናንተም «አገር ቤት ሰው የለም» ብላችሁ ትምላላችሁ። ሰውስ አለ፤ ከአቅሙ በላይ ያሸከማችሁት እናንተ ናችሁ።

ሌላው በሽታችን ዕቃ ነው። በውጭ ያየነውን ሁሉ በኮንቴይነር አሽገን እንልካለን። አንድ ወገኔ ያስመጣው የጠብታ መስኖ ዘንድ ሄጄ ቱቦውን በምላጭ ሰንጥቄ አይቼዋለሁ፤ የውኃ መውጫዎቹ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በነጭ ኖራ ተደፍነው ነበር። የድሬ ውኃ ኖራ እንዳለበት በየቤታችን ያለው የሻይ ጀበና ይመሰክራል፤ ቱቦው በየጊዜው በአሲድ ካልታጠበ ሥራውን ያቆማል። ይህን ለማወቅ አንድ የመስኖ መምህር ወይም አንድ የከተማችንን የቧንቧ ሠራተኛ መጠየቅ ይበቃ ነበር፤ እርሱ ግን ኮንቴይነሩን ከጫነ በኋላ ነው የጠየቀው። ግሪን ሃውሱም እንዲሁ ነው። ቲማቲሙን ከፀሐይ ይከልልልኛል ብሎ በቆላ ሙቀት ላይ ያቆመው ሰው በጥላ መረብ ቢሠራው በብዙ እጥፍ ይረክስለት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ አገራችን የገባው ቱታ የተባለው የቲማቲም ተባይ ደግሞ በሩ በደንብ ባልተዘጋ ግሪን ሃውስ ውስጥ እንደ ልቡ ይራባል።

ስለ ጫት ከውጭ ሆናችሁ የምትሰብኩትንም ልተወው አልችልም። ገበሬው ጫት የሚተክለው ጥሬ ገንዘብ ስለሚያገኝበት፣ በበሽታ ስለማይነጠቅበትና አወዳይ ገበያ ሲደርስ የሚገዛው ስለማያጣ ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ለጫቱም ለአትክልቱም የተሳበው ውኃ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ነበር እናውቃለን፤ ሐይቁ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃ ቢመለስበትም ትምህርቱ አልተረሳም። ስለዚህ የምትደግፉት ጀማሪ ድርጅት ለገበሬው የሚያቀርበው ነገር ከጫቱ ጋር በመሬትም፣ በውኃም፣ ገንዘቡ በሚመለስበት ፍጥነትም ተወዳድሮ መታየት አለበት። ይህን ስሌት ያልሠራ የንግድ ዕቅድ ቢያቀርቡላችሁ፣ በምን ዓይነት ወረቀት ቢታተም አትፈርሙበት።

የወንድሜ ልጅ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቆ ሲወጣ የዘር ድንች ለማባዛት ዕቅድ ነበረው፤ መሬቱን ከእናቱ ወገን አግኝቷል፣ መምህሩም የመሥራች ዘር፣ ማለትም ለማባዛት መነሻ የሚሆን ንጹሕ ዘር፣ ሊያገኝለት ቃል ገብቶለታል። የጎደለው የመጋዘን ሥራና የአንድ ወቅት መንቀሳቀሻ ነበር። በዚያው ዓመት በውጭ ያሉት ዘመዶቻችን ተሰብስበው የላኩት ገንዘብ ለቤተሰቡ መኪና ተገዛበት፤ ልጁም ዓመት ጠብቆ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ዛሬ በባዕድ አገር ምግብ በብስክሌት እያደረሰ ለዚያው ቤተሰብ ገንዘብ ይልካል። መኪናው ተሸጧል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይቆጨኛል፤ ስለዚህ ቃሌ ከረረ ብላችሁ አትቀየሙኝ።

ገንዘቡ እንዴት ይውጣ ለሚለው የምለው ይህ ነው። በግል ለሰው አትስጡ፤ ከጀማሪው ድርጅትና ከማዕከሉ ጋር የሦስትዮሽ ውል ፈርሙ፤ ድርሻ ነው ወይስ ብድር የሚለው ከመጀመሪያው ይጻፍ። መጀመሪያ የሚለቀቀው ለአንድ ወቅት ሙከራ የሚበቃው ብቻ ይሁን፤ ሙከራውም በምርምር ጣቢያ ማሳ ሳይሆን በጥቂት ገበሬዎች ማሳ ላይ ይደረግ። ሁለተኛው የሚለቀቀው የማታውቁት ሰው ዕቃውን ከኪሱ ከፍሎ መግዛቱ በደረሰኝ ሲታይ ነው፤ የዘመድና የፕሮጀክት ግዢ አይቆጠርም። ሦስተኛው ለማስፋፊያ ነው፤ ያን ጊዜ እንኳ ሕንፃ ሳይሆን ሠራተኛና ዘር ይቅደም። ሙከራው ካልሠራ ደግሞ ማቆም የውሉ አካል ይሁን፤ ያኔ የሚጠፋባችሁ የአንድ ወቅት ገንዘብ ብቻ ነው፣ ዝምድናውም አይፈርስም። የማይሠራ ነገር ለመኖሩም ዝግጁ ሁኑ፤ ከቤተ ሙከራ የወጣ ሁሉ በገበያ ይጸናል ብሎ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑ።

ከገንዘብ ሌላ እናንተ ብቻ የምትሰጡት ነገር አለ። በምትኖሩበት ከተማ ያለው የሐበሻ ሱቅ ባለቤት የደረቀ ቲማቲም ወይም የማንጎ ጭማቂ በምን ዓይነት ማሸጊያ፣ በምን ጽሑፍ፣ በስንት ዋጋ እንደሚወስድ ጠይቃችሁ ለጀማሪዎቹ ጻፉላቸው፤ ይህን የሚያውቅ ልጅ እዚህ የለም። ከናንተ መካከል በምግብ ፋብሪካ ጥራት ክፍል፣ በማቀዝቀዣ ጥገና፣ በሒሳብ አያያዝ የምትሠሩ አላችሁ፤ በወር አንድ ምሽት በቪዲዮ ብትመክሯቸው ከአንድ ኮንቴይነር ይበልጣል።

5. ጊዜው

በሐረርጌ ደጋ በዝናብ የሚለማው ድንች የሚተከለው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፤ ከእናንተም ገንዘብ ለመላክ የሚነሣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ዝናቡን በዜና ሲሰማ፣ በሰኔ ነው። ያን ጊዜ ዘር ከጠፋ ቆይቷል። ጥሩ ዘር የሚገዛው መከሩ ሲወጣ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ እስከ ሰኔ ድረስ በቆጥ ላይ ብርሃን እያገኘ አጭርና ጠንካራ አረንጓዴ ጉንቁል ያወጣል። መጋዘኑ ደግሞ ከዚያ በፊት መሠራት ስላለበት የእንጨቱና የቆርቆሮው ገንዘብ መስከረም ላይ መድረስ አለበት፤ ውሉ ክረምት ላይ ለዕረፍት በመጣችሁበት ጊዜ፣ ማሳውንም በእግራችሁ ከረገጣችሁ በኋላ ይፈረም።