ሁለት በመቶ መዳብ

በውጭ አገር በማዕድንና በብረታ ብረት ሥራ ለከረማችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ወደ አገር ቤት ስመለስ የሻንጣዬ እኩሌታ የምስክር ወረቀትና የሽልማት ሰሌዳ ነበር። ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ቢሮ የሥራ ታሪኬን ዘርዝሬ ሳበቃ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ ወጣት ጂኦሎጂስት ተነሥቶ ክንድ የማይሞላ የቁፋሮ ናሙና በሁለት እጁ ሰጠኝና «ጋሼ፣ ይህ በቶን ስንት ግራም ወርቅ ይይዛል ይላሉ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ የዚያን ልጅ ጥያቄ መመለስ ሆነ።

የአሜሪካዊውን የማዕድን መሐንዲስ የዳንኤል ጃክሊንግን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። በሙያችን ከፍተኛ ክብር ካገኙት አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1933 የጆን ፍሪትዝን ሜዳሊያ ተሸልሟል፣ በ1954 ደግሞ በሕይወት እያለ በዩታ ግዛት ሐውልት ቆሞለታል። የዚህ ሁሉ መነሻ ግን ብዙዎች ያልተቀበሉት አንድ ስሌት ነበር። በዩታ የሚገኘው የቢንግሃም ሸለቆ ድንጋይ በዚያን ጊዜ የያዘው መዳብ ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ ከአንድ ቶን ሃያ ኪሎ መሆኑ ነው። ሌላው የበለጸገ ድንጋይ ሲያሳድድ፣ እርሱ ተራራውን እንዳለ በእንፋሎት መቆፈሪያ ዝቆ፣ በባቡር አጓጉዞ፣ በብዛት ማጣራት እንደሚያዋጣ በቁጥር አሳየ። ዩታ ኮፐር የተባለው ኩባንያው በ1903 ተቋቋመ፤ የገጸ ምድር ቁፋሮው በ1906 ተጀመረ። ከዚያ እስከ ሜዳሊያው 27 ዓመት ቁጠሩ።

በእኛ አገር በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያመርተው ወገን አፈሩን በገበቴ ሲያጥብ ደቃቁ ወርቅ ከውኃው ጋር ያመልጠዋል። በሜርኩሪ የሚሰበስበው ደግሞ መርዙን ይተነፍሳል። ይህ ያንገበግበኛል፤ እናንተ መላውን ታውቃላችሁና።

ለእረፍት ስትመጡ አራት ኪሎ ጎራ በሉ፤ ከጂኦሎጂ ተማሪዎች ጋር ተቀመጡ። የወርቁን መጠን ለማወቅ ናሙናን ፈጭቶ ከእርሳስ ኦክሳይድ ጋር ማቅለጥን፣ እርሳሱን ለአጥንት ዐመድ ጽዋ ማስመጠጥን፣ ብሩን ከወርቁ በአሲድ መለየትን በእጃችሁ አሳዩአቸው። በመጨረሻ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንሰውን ወርቅ ሲመዝኑ ፊታቸውን እዩት።

ለመቆየት ከወሰናችሁ፣ ዲግሪያችሁን ከመነሣታችሁ በፊት በኢትዮጵያ ኤምባሲ አስረጋግጡ። ዜግነት የለወጣችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አውጡ፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተሰጡ መብቶች በርሱ ይገኛሉ። የሽልማት ሰሌዳው በኋላ በዕቃ ጭነት ይድረስ። የዓመታት የፍተሻ ማስታወሻችሁን፣ የአሠሪ ምሥጢር የሌለበትን፣ በእጅ ሻንጣ ያዙ።