ካቻቪቴያችሁን ድሪል ለማድረግ ለምታስቡ

የቤት ዕቃ መግጠም ለጀመራችሁ ልጆቼ፤

ሰሞኑን በየስልካችሁ የምታሳዩኝ ቪዲዮ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ቻርጅ የምትደረገዋ ትንሽ ካቻቪቴ ትፈታለች፣ ባትሪ ይጨመርባታል፣ አፏ ላይ የድሪል መንከሻ (መብሻውን ነክሶ የሚይዘው) ይገጠማል፣ ከዚያ "ይኸው ድሪል!" ይባላል። ገንዘብ ሲያጥር መላ መፈለጉን አልነቅፍም፤ ምናለሽ ተራም የሚኖረው በዚሁ ነው። ግን ሳትፈቷት በፊት ስሙኝ።

ካቻቪቴዋን የሚያንሳት ፍጥነት ነው። ውስጧ ያሉት ጥርሶች የሞተሩን ሩጫ ቀንሰው ጉልበት ያደርጉታል፤ ብሎን ለማጥበቅ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ባለ 3.6 ቮልቷ ምንም ሳትሸከም በደቂቃ 200 ዙር አካባቢ ነው የምትዞረው። በ3 ሚሊሜትር ፑንታ (መብሻ) ብረት በወጉ ለመብሳት ደግሞ ከ2,000 በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ላሜራ ላይ አትድከሙ። ኮንክሪት ላይ ፊሸር (ብሎን የሚይዘውን ፕላስቲክ) ለመትከልማ እየመታ የሚዞር ድሪል ነው የሚያስፈልገው፤ እሱን ተዉት።

እንጨት ላይ ግን ታገለግላለች። ምንም ሳትፈቱ፣ ጅራቱ ባለ ስድስት ማዕዘን የሆነ 2 እና 3 ሚሊሜትር ፑንታ ግዙ፤ አፏ 6.35 ሚሊሜትር ስለሆነ ልክ ይገባል። ተጨማሪ መንከሻ የሚሸጡላችሁም አሉ። እኔ ብዙም አልወደውም፤ ርዝመት ይጨምርና ፑንታው ይወላገዳል።

የቁም ሳጥን ማጠፊያ ስትገጥሙ መጀመሪያ ቦታውን በምስማር ጫፍ መታ አድርጉ፤ ቀስ ብሎ የሚዞር ፑንታ ካለዚያ ይንሸራተታል። ለ4 ሚሊሜትር ብሎን የ2.5 ወይም የ3 ቀዳዳ ይበቃል። ደረቅ ባህር ዛፍ ከሆነ በተለይ ጠርዙ አጠገብ ይህን አትዝለሉ፣ ይሰነጠቃል። ጥቂት በበሳችሁ ቁጥር ፑንታውን ወጣ አድርጋችሁ ፍቅፋቂውን አራግፉ። ሞተሩ ከቆመ ወዲያው ልቀቁ፤ እየተጫናችሁት ከቆየ የሚቃጠለው ያኔ ነው።

ባትሪ የመጨመሩን ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። ቮልት ሲጨምር ሞተሩ መፍጠኑ እውነት ነው፤ ሽቦውና ማብሪያው ግን ለዚያ አልተሠሩም። ከዚያ የባሰው የሊቲየም ባትሪው ነገር ነው። የአንዱ ባትሪ ቻርጀር 4.2 ቮልት ላይ ያቆማል፤ ሦስት ተከታትለው ሲታሰሩ 12.6 ይፈልጋሉ፣ እያንዳንዱን የሚጠብቅ ሰርኪዩትም ያስፈልጋቸዋል። ያለ እሱ አንዱ ከልክ በላይ ሞልቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ያውም ቻርጅ ላይ ትታችሁት ተኝታችሁ።

ገንዘብ ስታጠራቅሙ ያገለገለ ድሪልም አይከፋም። ሻጩ ፊት ረጅም ፑንታ አስገቡና አዙሩት፣ ጫፉ ክብ እየሠራ ከተወዛወዘ አትግዙ። የመንከሻውን አፍ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት፤ ከላላም ተዉት። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሻጩን አትጠይቁት፤ ወፍራም ጣውላ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ብሱበት።